የማዶው ድምፅ

ጥር 14

ከጥምቀት በኋላ ሥራ ጀመርን። ጤና ጣቢያው በሰው ተጨናንቋል። ጉንፋኑም ሳሉም በዓሉ እስኪያልፍ ሲጠብቅ የነበረ ይመስላል። ከሰዓት ሁለት እናቶች አዋለድሁ፤ አንዷ ከገሳይ ድረስ የመጣች። ሁለቱም በሰላም ተገላገሉ።

ስመለስ አስናቀ ባጃጁን ደጃፍ ላይ አቁሞ ጎማ ይቀይራል። «ይሄ መንገድ እኔንም ባጃጇንም ሳይጨርሰን አይቀርም፣ ማስቴ» አለኝ። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ፣ ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ። እጁን ሳስታጥበው ጣቱ ተልጦ አየሁ። በፋሻ ጠቀለልሁለት። ባሌ እንደ ሕፃን ዝም ብሎ ታከመ።

ሌላ ነገር የለም። ብርዱ በርትቷል።

ጥር 25

ከቅዳሴ መልስ በእድሩ አዳራሽ የቀጠናው ስብሰባ ነበር። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው አቶ ማሩ ነገሩን በቀላሉ አስረዳን። ነዋሪው ግማሹን ካዋጣ ከተማው ግማሹን ይሸፍናል። ግን ለዘንድሮ አንድ ሥራ ብቻ። ወይ ከአስፋልቱ እስከ እኛ ሰፈር ያለው መንገድ ኮብልስቶን ይነጠፋል፤ ወይ በወንዙ ላይ ወደ ማዶ ሰፈር የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ ይሠራል። የምንመርጠው እኛው ነን፣ በወረቀት፣ በምስጢር። በዚያው ቀን የልማት ኮሚቴው ሊቀመንበርም ይመረጣል።

ጋሼ አያሌው ተነሡ። የአስናቀ ታላቅ ወንድም ናቸው። ወፍጮ ቤት አላቸው፤ ግቢያችን በአንድ አጥር ይዋሰናል። አባታቸው ሲሞቱ አስናቀን ያሳደጉትም፣ ያስተማሩትም፣ የዳሩትም እሳቸው። «ድልድይ የክረምት ጉዳይ ነው። መንገድ ግን የዘወትር ነው» አሉ። ሰው አጨበጨበ። ከማዶ የመጡት ከበስተኋላ ቆመዋል። አላጨበጨቡም። አልተቃወሙምም።

ጋሼ አያሌው ሐሰት አልተናገሩም። መንገዱ የዘወትር ነው። ታዲያ ለምን ከበደኝ?

የካቲት 11

ጋሼ አያሌው ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። ዛሬ እኛ ጋ ገቡ። አልተቀመጡም፤ ቆመው ነው ያወሩት።

«በዚህ ቤት ሁለት ድምፅ አለ። ሁለቱም የመንገድ ነው፣ አይደል?»

«ምን ይጠየቃል፣ ጋሼ» አለ አስናቀ።

ወደኔ ዞሩ። ድስቱን ከእሳት አወረድሁ። ክዳኑን ፈለግሁ። ዝምታዬን እሺታ አድርገው ወሰዱት፤ «በሉ ደኅና እደሩ» ብለው ወጡ።

እሺ አላልሁም። እምቢም አላልሁ።

የካቲት 20

ጾሙ ከገባ ወዲህ ሥራው ቀለል ብሏል። ማታ ከጤና ጣቢያ ስመለስ ዘነበች አጥሩ አጠገብ ጠበቀችኝ። የእብናት ልጅ ናት፤ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ታስተምራለች፤ ጋሼ አያሌው ግቢ አንድ ክፍል ተከራይታለች። ሰኔና መስከረም ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ የዚህ ሰፈር ልጆችን እጅ ለእጅ አያይዛ ስትሻገር አያታለሁ። ውሃው ሲብስ ልጆቹ ይቀራሉ። እሷ ግን ትሄዳለች።

«እትዬ ማስተዋል፣ ድምፁ እውነት በምስጢር ነው?»

«አቶ ማሩ እንደዚያ ነው ያለው።»

«ወረቀቱን ስናጥፍ የሚያይ ሰው አይኖርም?»

ሣቅሁባት። አሁን ስጽፈው ግን ምን አሣቀኝ? የሚያስቅ ነገር አልነበረውም። ልጅቱ የጠየቀችኝ ከልቧ ነው። የምትኖርበት ቤት የሰው ነው።

የካቲት 28

አስናቀ በመንገዱ ነገር ደስ ብሎታል። «ኮብልስቶን ከተነጠፈ ከገበያ እስከዚህ ድረስ ሰው አይለምነኝም፣ እኔው እመጣለሁ» ይላል። ስንት ጊዜ ይሆን እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት?

ልንገረው?... ምኑን? ገና እኔም አላወቅሁትም።

መጋቢት 6

ነገ ምርጫ ነው። ይህን ነገር እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

ያለፈው ነሐሴ። የማዶዋን ትርንጎን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። በቃሬዛ አድርገው ወንዙ ዳር አደረሷት። ውሃው ሞልቷል። በወዲያ በኩል በአስፋልቱ የሚዞረው መንገድ ደግሞ በጭቃ ተቆርጧል፤ እንኳን መኪና በቅሎ አይገባበትም። ሰው ሲጠራኝ የማዋለጃ ዕቃዬን ይዤ ሮጥሁ። እኔ እዚህ ዳር ደረስሁ። እሷ እዚያ ዳር ናት።

ገመድ ወረወሩ። ውሃው ወሰደው። እየጮህሁ ነገርኋቸው... በጎኗ አስተኟት፣ አሁን አትግፊ በሏት፣ ጭንቅላቱ ታየ ወይ? ግማሹ ይሰማቸዋል፣ ግማሹን ውሃው ይበላዋል። የእሷ ድምፅ ግን ይሰማኝ ነበር። ሁሉም ይሰማኝ ነበር። ቀስ በቀስ እየሰለለ ሄደ።

ውሃው ሲጎድል ተሻገርሁ። ወንድ ልጅ ነው። በነጠላ ጠቅልለውታል። ትርንጎ ቀና ብላ «እትዬ ማስቴ፣ ልጄን ይዩልኝ» አለችኝ። አየሁላት። ሌላ ምን ላድርግ? ወንድሟ ፊቱን አዙሮ ቆሟል።

እዚያ ዳር ሆኜ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር። ሙያዬ ነው፤ አውቀዋለሁ። ደግሞም የወንዙ ስፋት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በጋ ላይ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጡ የሚያልፉት ነው።

መጋቢት 7

መረጥሁ።

ሁለት ወረቀት ሰጡን። ለሊቀመንበርነት ለጋሼ አያሌው ሰጠሁ። አምኜበት ነው። ቢቆጡም፣ ቢጫኑም፣ የያዙትን የሚጨርሱ ሰው ናቸው። ሁለተኛው ወረቀት ላይ የሁለቱ ሥራዎች ሥዕል አለ፤ ንጣፍ ድንጋይና ድልድይ። ድልድዩ ላይ ምልክት አደረግሁ። አጠፍሁት። ሳጥኑ ውስጥ ጨመርሁት።  

ውጭ አስናቀ ይጠብቀኛል። «ጨረስሽ?» አለኝ። «ጨረስሁ» አልሁት። አብረን ወደ ቤት ሄድን።

ከሰዓት በኋላ አቶ ማሩ ውጤቱን አነበበ። ሊቀመንበር፣ ጋሼ አያሌው። እልል ተባለ። የዘንድሮው ሥራ፣ ድልድይ። በጥቂት ድምፅ ነው የበለጠው... የማዶ ሰዎች እንኳ እልል ለማለት ፈሩ። ሁላችንም እናውቃለን፤ እኛ እንበዛለን፣ እነሱ ያንሳሉ። እንግዲህ ከኛው ሰፈር ለድልድዩ የሰጠ ሰው አለ ማለት ነው።

ጋሼ አያሌው ዓይናቸውን በየፊታችን ላይ አዞሩ። እኔ ላይ አላቆሙም። እኔማ የቤት ሰው ነኝ።

መጋቢት 9

ጋሼ አያሌው ማታ መጡ። ዛሬ ተቀመጡ።

«ሰው ለገዛ ደጁ ጭቃ ይመርጣል?» አሉ። «የሰፈሩ ልጅ ይሄን አያደርግም። ሥር የሌለው ሰው ነው ያደረገው። ዛሬ አለ፣ ነገ ዝውውሩን ይዞ ይሄዳል። ምን ገዶት?»

«ማንን ነው፣ ጋሼ?» አለ አስናቀ።

«መምህሯን ነዋ። ትምህርት ቤቷ ማዶ አይደል?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሣሁ። እውነትም ውሃ አመጣሁ።

መጋቢት 12

ዘነበች ዕቃዋን አወጣች። «ክፍሉን ለዘመድ እፈልገዋለሁ» ብለዋታል። ምን ዕቃ አላት? ፍራሽ፣ ምድጃ፣ የመጻሕፍት ካርቶን። አስናቀ በባጃጁ አደርስሻለሁ ቢላት አመስግና እምቢ አለች። ካርቶኑን እኔ ተሸከምሁላት። ማዶ አንዲት ክፍል አግኝታለች፤ ጣራዋ ያፈሳል ትላለች። ወንዙ ዳር ስንደርስ ቆም አለች።

«እትዬ ማስተዋል፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። እኔ እኮ መንገዱን ነው የመረጥሁ።»

ካርቶኑን ወደ ሌላው ክንዴ አዛወርሁ።

«ፈርቼ። ልጆቹን እያሰብሁ ገባሁ፤ ወረቀቱን ስይዝ ግን ጋሼ አያሌው የሚያዩኝ መሰለኝ። መንገዱ ላይ ምልክት አደረግሁ። እና ይኸው በድልድዩ ተባረርሁ።» ፈገግ አለች። «ቢያንስ ድልድዩን መርጬ ቢሆን...»

ካርቶኑን ተቀበለችኝና ተሻገረች። ውሃው ከቁርጭምጭሚቷ አልደረሰም።

መጋቢት 15

ዛሬም አልተናገርሁም።

መጋቢት 24

አንዲት ታካሚ የደም ግፊቷን ስለካላት «ምነው አንቺ ራስሽ ገረጣሽ?» አለችኝ። ጾም ነው አልኋት።

ሚያዝያ 13

የፋሲካ ቁርስ ትናንት ጋሼ አያሌው ቤት ነበር። እንደ ወጉ ሁላችንም ተሰበሰብን። ዶሮው ቀርቦ፣ ሰው በልቶ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል እንዲህ አሉ፤ «በዳግም ትንሣኤ ስብሰባ ጠርቻለሁ። የተከራይ ድምፅ መቆጠር የለበትም። ቤት የሌለው ሰው ለቤታችን አይወስንም። ውጤቱ ይሠረዝና እንደገና እንምረጥ።» አስናቀ ቀና ብሎ አያቸውና ወደ ገበታው ተመለሰ።

የጎረስሁትን ዋጥሁ።

እንግዲህ ነገሩ የዘነበች ብቻ አይደለም። ድልድዩ ከቀረ የትርንጎም ነው። ዝም ካልሁ ሁለቱንም ነው የምቀብራቸው።

ሚያዝያ 18

ለአስናቀ ነገርሁት። ባጃጁን እያጠበ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልሁት። «ድልድዩን የመረጥሁት።»

ባልዲውን አስቀመጠ። «አንቺ?»

«እኔ።»

«ለእኔም ሳትነግሪኝ?»

«ለአንተም ሳልነግርህ።»

ውሃው ከባጃጁ ላይ ይንጠባጠባል። «የምበላውን እንጀራ ታውቂያለሽ። በዚህ መንገድ ነው የማገኘው» አለ በመጨረሻ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ነገ ስብሰባው ላይ እናገራለሁ» አልሁት።

«አትናገሪ፣ ማስቴ። ወንድሜ ነው። አባቴም እሱ ነው።»

«እናገራለሁ።»

«እንግዲያው እኔ የለሁበትም» ብሎ ባልዲውን አነሣ።

ሚያዝያ 19

ጋሼ አያሌው ነገሩን ከፈቱ። የተከራይ ድምፅ፣ ሥር የሌለው ሰው፣ እንደገና ይመረጥ... አንድ ሁለት ሰው ደገፋቸው። ዘነበች ከማዶ ሰዎች ጋር ከኋላ ቆማለች፤ መሬት መሬት ታያለች።

ተነሣሁ። የፊት ለፊቱን ወንበር ያዝሁ።

«ድልድዩን የመረጥሁ እኔ ነኝ» አልሁ። «መምህሯን አትንኳት። ተከራይ አይደለሁም። የዚህ ሰፈር ምራት ነኝ፤ ልጆቼን እዚህ ወልጃለሁ፤ ጭቃውንም እናንተው እንደምትረግጡት እረግጠዋለሁ።»

«ምን አልሽ?» አሉ ጋሼ አያሌው። የምርም ያልሰሙ ይመስላሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ለሊቀመንበርነት አንቱን መርጫለሁ። ለሥራው ደግሞ ድልድዩን።» ከዚያ የነሐሴውን ነገር ተናገርሁ። ስሟን አልጠራሁም፤ ግን ሁሉም ያውቃል። ትርንጎ እዚያው ነበረች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ሌላ ከኛ ሰፈር የተነሣ የለም። ሌሎችም እንዳሉ ቁጥሩ ይናገራል፤ ግን አልተነሡም። አልፈርድባቸውም። እኔስ ከወር በላይ አይደል ዝም ያልሁት?

አቶ ማሩ «ተከራይም ነዋሪ ነው። የተቆጠረ ድምፅ አይሠረዝም» ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። ዘነበች አጠገቤ ስታልፍ ክንዴን ነካችኝ። አዝናብኝ ይሆን? ብታዝን ትክክል ናት።

አስናቀን በሩ ላይ አየሁት። መጥቶ ነበር። ስወጣ ግን የለም።

ሚያዝያ 27

ወፍጮ ቤት እህል ልከን ነበር። «መብራት የለም» ተብሎ ተመለሰ። የወፍጮው ድምፅ እስከ ቤታችን ይሰማል።

አስናቀ እህሉን ባጃጁ ላይ ጭኖ ሌላ ወፍጮ ቤት ወሰደው። ከዚያን ቀን ወዲህ የምንነጋገረው የግድ የሆነውን ብቻ ነው። ጨው አልቋል። ልጁ አልመጣም ወይ? በሩን ዝጊው።

ግንቦት 8

ጋሼ አያሌው ጤና ጣቢያ መጡ። ታመው መስሎኝ ደነገጥሁ። ከካርድ ክፍሉ በስተጀርባ ባለው አግዳሚ ተቀመጡ። እኔ ቆምሁ። «ተቀመጭ» አሉኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎ ይፈቅዱልኝ ነበር?»

አሰቡ። «አልፈቅድም ነበር» አሉ።

ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አሽከረከሩ። ሰው ያልፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያን የነሐሴ ቀን እኔም ሰምቻታለሁ። ወፍጮ ቤቱ ለወንዙ ቅርብ ነው። የሚፈጭ እህል አልነበረም... ወፍጮውን ባዶውን አስነሣሁት። እንዳልሰማ።»

ያን ጊዜ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ሊቀመንበር ያደረገኝ ያው ሕዝብ ነው። አንዱን ውሳኔ ተቀብዬ ሌላውን አልጥልም። ሰኞ መዋጮውን እጀምራለሁ፤ ከራሴ ቤት» አሉና ተነሡ። ጥቂት ሄደው ዞሩ። «ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ። በቤቴ ገበታ ላይ ዝም ብለሽ በልተሻል።»

«አዎ፣ ጋሼ» አልሁ።

ግንቦት 22

ጋሼ አያሌው የገቡበት ቤት ሁሉ ሰጥቷል። አላዋጣም ያለውን ቁጭ ብለው እስኪሰጥ ይጠብቁታል አሉ። ለዘነበችም ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ልከውባት ነበር። «ይበቃኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መለሰች። አልፈርድባትም።

ሰኔ 9

ግንበኞቹ የወዲያኛውን ዳር ጨርሰው በዚህ በኩል ጀመሩ። ዝናቡ ቀድሞ እንዳይመጣ ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያል። ከሁለቱም ሰፈር ሰው እየወጣ ድንጋይ ያቀብላል።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ አንድ ባጃጅ ወንዙ ዳር ቆሞ አየሁ። የኋላ ወንበሩ ተነቅሎ ሲሚንቶ ተጭኖበታል። አስናቀ ነው። ከረጢቱን በትከሻው ተሸክሞ ይወርዳል። ስንት ቀኑ ይሆን? ሳያየኝ አለፍሁ። ቤት ደርሼ ውሃ አሞቅሁለት። ሲገባ ፀጉሩ ላይ ሲሚንቶ አለ። «አቧራው» አለ። «አቧራው» አልሁ።

ሐምሌ 21

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ወንዙ ሞልቶ ያጓራል። ድልድዩ ላይ ሰው ሁሉ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ጉዳይ የሌለውም ይሻገራል። ለዕይታ።

ትርንጎ ከማዶ በኩል ጫፉ ላይ ቆማለች። ሄድሁና አጠገቧ ቆምሁ። አብረን ውሃውን አየን። 

«ለኔ አልደረሰም» አለች።

«አልደረሰም፣ ትርንጎ።»

«ለሌላው ይድረስ» አለች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ተሻገረች። መሐሉ ላይ ስትደርስ አልቆመችም።

ጥቅምት 16

ዘነበች ዝውውር አግኝታ ትናንት ወደ እብናት ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ስለ ምርጫው ምንም አላነሣንም። «ይቅር በይኝ» ልላት አስቤ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲነሣ አልሁት። የሰማችኝ አይመስለኝም።

ጋሼ አያሌው በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል። እህላችንም በእሳቸው ወፍጮ ይፈጫል። ለመስቀል ግን አልጠሩንም። አስናቀ ብቻውን ሄዶ ነበር፤ ቶሎ ተመለሰ።

ዛሬ አቶ ማሩ የዘንድሮውን አሳወቀ። በድጋሚ አንድ ሥራ፤ መንገዱ ወይስ የመንገድ መብራት። እራት ላይ አስናቀ አነሣው።

«እኔ መንገዱን ነው። አሁንም መንገዱን» አለ።

«እኔ ገና አላሰብሁበትም።»

ወጡን ወደኔ ገፋ አደረገው።

«ስታስቢ ንገሪኝ» አለ። «ባትነግሪኝም ግድ የለም። ወረቀቱ ያንቺ ነው።»